የጎበጠው የአንቴና ምሰሶ

ላሊበላ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እየሠራሁ ነው የምኖረው። ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራውን ስጀምር፣ ሴት ልጅ ግራይንደር ይዛ ማየት ያልለመዱ ሰዎች በራፌ ላይ ቆመው ይስቁ ነበር። አሁን ለምደውኛል። የሆቴል መስኮት፣ የሱቅ መደርደሪያ፣ የመኖሪያ ቤት በር እሠራለሁ። የአንቴና ምሰሶ ግን፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት ማለቂያ ላይ አንዲት አዋላጅ ነርስ ደውላ እስክትለምነኝ ድረስ፣ ሠርቼም ጠግኜም አላውቅም ነበር።

ነርሷ የምትሠራው ከብልባላ ከተማ ወዲያ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ተሂዶ፣ ገደል ሥር በተቀመጠ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ቦታው ጎድጓዳ ስለሆነ ኔትዎርክ የሚባል ነገር አይደርሰውም። ስለዚህ በጎ አድራጊዎች ግቢው ውስጥ ረጅም የአሉሚኒየም ምሰሶ አቁመው ጫፉ ላይ አንቴና ሰቅለውላቸዋል። ምሰሶው ሦስት ቱቦዎች አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገቡ የተቀጣጠሉበት ሲሆን፣ መሬት ላይ ከተመቱ ችካሎች ጋር በታሰሩ ሦስት መወጠሪያ ሽቦዎች ተይዞ ይቆማል። በእሱ ምክንያት ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ስልክ ይሠራል። አምቡላንስ የሚጠሩትም በዚያው ነው፤ በወንዙ በኩል በሚዞረው ጥርጊያ መንገድ ከእሷ ሌላ መኪና ደፍሮ አይገባም።

ስትደውልልኝ ድምፅዋን ነፋስ ይቆራርጠው ነበር።

«ተረተሩ ላይ ወጥቼ ነው የምደውልልሽ» አለችኝ። «የትናንቱ አውሎ ነፋስ ምሰሷችንን ጣለብን። አልተሰበረም፣ ጎብጧል። ታቃኚልን ይሆን? በዚህ ሰሞን የሚወልዱ አራት እናቶች አሉብኝ።»

ፎቶ ላከችልኝ። በፎቶው ላይ ጉብጠቱ ቀላል ይመስል ነበር፤ በግማሽ ቀን የምጨርሰው ሥራ መሰለኝ። መዶሻ፣ የብረት መቁረጫ ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያና ሪቬት የሚባለውን የማያያዣ ሚስማር ከነመምቻው በከረጢት ከተትኩ። መለዋወጫ ቱቦ መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም።

በማግስቱ በማለዳ መኪና ይዤ ብልባላ ወረድኩ። ሹፌሩ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፤ ከቀረሽ አልጠብቅሽም» ብሎኝ ነበር። መንገዱ ዳር የጤና ጣቢያው ዘበኛ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ አንድ ጉልበታቸውን እያነከሱ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ከረጢቴን በቅሎዋ ላይ ጫኑልኝና መንገድ ጀመርን። ቀኑ የብልባላ ገበያ ስለነበር አገሩ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል፤ ወደዚያ የምንሄደው እኛ ብቻ ነበርን።

ብዙም ሳንርቅ ዘበኛው ዞር ብለው «የጎበጠ አሉሚኒየም ይቃናል ልጄ?» አሉኝ።

«እንደ ጉብጠቱ ነው ጋሼ።»

ጥቂት ሄድንና ደግመው ጠየቁኝ። ወንዙን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ፦ «ብቻ እንደ ድሮው ይቆማል አይደል?» አሉ። ሰውዬው ለምን እንዲህ እንደተጨነቁ አልገባኝም። ይቆማል አልኳቸው፤ ገና ሳላየው።

ስደርስ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄድኩ። ምሰሶው ማዋለጃው ጣሪያ ላይ ወድቆ ቆርቆሮውን ጨርምቶታል። የታችኛው ወፍራም ቱቦ እንደ ክርን ታጥፏል፤ እጥፋቱ ላይ ክቡ ጠፍቶ ጠፍጥፏል። እንዲህ ያለውን የጉብጠት ዓይነት አውቀዋለሁ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ታጋሽ አይደለም። ሲታጠፍ ዝም ብሎ ይታጠፍልሃል፣ ስትመልሰው ነው የሚቀየምህ። ትክክለኛው መንገድ የተበላሸውን ቆርጦ ማውጣትና ከውስጥ ሌላ ቱቦ አስገብቶ መቀጠል ነው። ማቃናት የግድ ከሆነ ደግሞ ቦታው ላይ ሳሙና ይቀባል፣ በእሳት ቀስ እየተባለ ይሞቃል፣ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱ ይነሳና ሲበርድ ይቃናል። ያኔ ይለሰልሳል። ይህን አስተማሪያችን ደጋግሞ አሳይቶናል፤ እኔም ለሌሎች አሳይቻለሁ።

ግን አራት ሰዓት ሆኗል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ይሄዳል። ሰማዩም ከወዲያ በኩል መጥቆር ጀምሯል። ነርሷ በየደቂቃው ብቅ እያለች «እንዴት ነው?» ትለኛለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊና ሌሎቹ ሠራተኞች ለስብሰባ ላሊበላ ሄደው ብቻዋን ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀላ ያሉ ዓይኖቿን ሳይ ካወራችኝ ጊዜ ጀምሮ እንዳልተኛች ገባኝ።

ስለዚህ ቸኮልኩ። ምሰሶውን ከጣሪያው አውርደን፣ የታችኛውን ቱቦ ነጥዬ በሁለት ድንጋዮች መሀል አጋድሜ፣ አንዱን ጫፍ ዘበኛው እንዲረግጡልኝ አድርጌ፣ በሌላው በኩል ግንድ ተደግፌ መግፋት ጀመርኩ። እሳት አላነደድኩም፣ ሳሙናም አልቀባሁም። መጀመሪያ እሺ አለኝ። ትንሽ ሲመለስ ደስ አለኝና ጨመር አደረግሁበት። እንደገናም ጨመርኩ። ከዚያ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ክብሪት እንጨት ሲሰበር ያህል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የቱቦውን ወገብ ግማሽ ያህል ዞሮታል። እጄን ጫንኩበት። ለምን እንደሸፈንኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያየኝ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም፤ ዘበኛው እንኳ ጀርባቸውን የሰጡኝ መስሎኝ ነበር።

ነርሷ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ተቃናልሽ?»

«አይ ሲስተር» አልኳት። «ለካ መጀመሪያውንም ተሰንጥቋል። ሲወድቅ ነው የተሰነጠቀው፤ በፎቶ አይታይም ነበር።»

እንዲህ ቀላል አድርጌ ዋሸሁ። ሳልዘጋጅ ከአፌ ወጣ። ሥራዋን ታውቃለች መባልን ስለለመድኩ ነው መሰለኝ።

ዘበኛው ከእግራቸው ሥር ያለውን ቱቦ ለቀቁት። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና መሬት መሬት እያዩ «እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ያን ዕለት በቅሎዬን ከመወጠሪያው ችካል ጋር አስሬያት ነበር። ስትጎትተው ላልቷል። አየሁት፤ ነገ እመታዋለሁ ብዬ ተውኩት። ነፋሱ በዚያው ሌሊት መጣ።»

«ጋሼ!» አለች ነርሷ። «ስንት ጊዜ ነገርኩዎት!» ድምፅዋ ወዲያው ወደ ልቅሶ አደላ። «አሁን ምን እናደርጋለን?»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ችካሉ የርስዎ ነው፣ ስንጥቁ የኔ ነው ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። ቶሎ የምጨርስ መስዬ፣ ጎንበስ ብዬ መሣሪያዬን ማገላበጥ ያዝኩ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ በጎን አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ቆርጬ ለመቀጠል የሚሆን የውስጥ ቱቦ ግቢውን ዞሬ ፈለግሁ። የአጥር ብረት አለ፤ ወፍራም ነው። የአልጋ እግር አለ፤ ቀጭን ነው። በመጨረሻ መልሱ እዚያው ምሰሶው ላይ እንዳለ ገባኝ። መካከለኛው ቱቦ ወደ ታችኛው ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ነው። ከሱ ክንድ ከስንዝር ቆርጬ የውስጥ ድጋፍ ባደርገው ይሆናል። ምሰሶው ግን በቁመት ያጥራል። አንድ ሜትር ቢያጥር አንቴናው ከገደሉ ጫፍ በላይ ያያል ወይስ አያይም? ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ሴጌቶዬን አንስቼ መቁረጥ ልጀምር ስል፣ ሁለት ሴቶች በግቢው በር ገቡ። አንዷ እርጉዝ ናት፤ ሌላይቱ ደግፋታለች። እናቷ ናት። የእርጉዟ ቀሚስ ከወገቧ በታች ረጥቧል፤ መጀመሪያ ውኃ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ስትል ግን ደም መሆኑን አየሁ።

ነርሷ ሮጣ ተቀበለቻት። ጥቂት ቆይታ ብቻዋን ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጠም አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዴ ልጁ ከፊት ቀድሟል» አለችን። «እዚህ ላዋልዳት አልችልም። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። አሁኑኑ አምቡላንስ ካልመጣ...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሦስታችንም የተጋደመውን ምሰሶ አየን።

«ኔትዎርክ ያለው የቱ ጋ ነው? እኔ ልሂድ» አልኩ።

«ተረተሩ ላይ ነው» አሉ ዘበኛው፤ ከተቀመጡበት ተነሥተው በቅሎዋን እየፈቱ። «አንዲት ቋጥኝ አለች፤ ከሷ አንድ እርምጃ ብትርቂ አይሠራም። ጉም ወርዷል፣ አንቺ አታገኚያትም። አንቺ ምሰሶሽን ሥሪ።»

«ጉልበትዎ እንዴት ይሆናል ጋሼ?» አለች ነርሷ።

«ስልኩን ስጪኝ» አሏት። ቁጥሩ የቱ ጋ እንዳለና የቱን እንደሚጫኑ አሳየቻቸው፤ ሁለቴ አስደገመቻቸው። ወንዶቹ ሁሉ ገበያ ነበሩ፤ የሚላክ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በቅሎዋን ጋልበው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ዋጣቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በሰዓት ልለካው ይከብደኛል። ቋጥኟ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል ተብያለሁ፤ ስለዚህ ቢቀናቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውላሉ። እኔ ቱቦውን በእሳት አለስልሼ በሥርዓቱ አቃንቼው ቢሆን ኖሮ ስምንት ሰዓት ላይ በቆመ። አንድ ሰዓት። ይቺን አንድ ሰዓት ሴጌቶውን በሳብኩ ቁጥር አስባታለሁ። የሚፈሰው ደም በአንድ ሰዓት ስንት ይሆናል? ጥቅልል ብዬ እዚያው ብቀመጥ በወደድኩ ነበር፤ ግን እጄ ሥራ ካልያዘ የማብድ መሰለኝ።

ከክፍሉ የሴትዮዋ ማቃሰት ይሰማል። አንዴ ሴጌቶው ሲጮህ አፈርኩና በሩን ገፋ አድርጌ «ላቁመው እንዴ ሲስተር? ድምፁ ይረብሻታል?» አልኩ።

ነርሷ ግሉኮስ ሰክታላት ከረጢቱን በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች። «ቀጥዪ» አለችኝ ሳታየኝ። «ድምፁን ስትሰማ የሆነ ነገር እየተሠራ ይመስላታል።»

ቀጠልኩ። የታጠፈውንና የተሰነጠቀውን ከሁለቱም ወገን ቆርጬ አወጣሁ። የድጋፉን ቱቦ ቆረጥኩ። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ። አንዱን ልክ አራት ጊዜ ለካሁት። የሪቬቱን ቀዳዳ በአንድ መስመር መደርደር አይቻልም፤ እንደዚያ ከሆነ ነፋስ ሲመጣ በዚያው መስመር ይታጠፋል። እያፈራረቅሁ ምልክት አደረግሁ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ መኪናዬ ብልባላን ለቆ ሄዷል። ትዝ ያለኝም በኋላ ነው። ዝናቡ መጣ፤ ቱቦዎቹን እየጎተትኩ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ገባሁ።

ዘበኛው ይደውሉ አይደውሉ፣ መንገድ ላይ ወድቀውም እንደሆነ የምናውቀው ነገር አልነበረም። የሚያስጨንቀውም ይኸው ነበር። የላክነው ሰው ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ ስልክ አይሠራልንም። የእርጉዟ እናት እየወጡ ጉሙን ያያሉ፤ እኔን ያዩኛል፤ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «ልጄ፣ ይመጣ ይሆን?» አሉኝ። «ይመጣል እናቴ» አልኳቸው። ያን ቀን ሁለተኛ ጊዜ ሳላውቅ ቃል መግባቴ ነበር።

አሥር ሰዓት አልፎ የመኪና ድምፅ ከወንዙ በኩል ሰማን። መጀመሪያ ነጎድጓድ መሰለን። ነርሷ ከክፍሉ ወጥታ ጆሮዋን አቀናች፤ ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አምቡላንሷ እስከ ጣሪያዋ ጭቃ ለብሳ ገባች። ሹፌሩ ሳይወርድ «አንድ ሽማግሌ ነው የደወለልን፤ እየጮኸ ነው ያወራው» አለ። ሴትዮዋን ጫንናት። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ግን ዓይኗን ገልጣ እናቷን ትፈልግ ነበር። ነርሷም እናቷም አብረው ሄዱ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግቢው ጭር አለ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ዘበኛው ግን አልተመለሱም።

ከደወሉ ሰዓት አልፏል። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይፈጥናል፤ መድረስ ነበረባቸው። ዝናቡ አባርቷል፤ ብርሃኑ ግን እየደከመ ነው። ክፍሉን ቆለፍኩና በበቅሎዋ ዱካ ሽቅብ ወጣሁ። «ጋሼ! ጋሼ!» እያልኩ እጣራለሁ፤ ገደሉ የራሴን ድምፅ ይመልስልኛል። ያ ሰው አንድ ነገር ቢሆኑ በኔ ውሸት ነው እያልኩ ነበር። ችካሉን ያላሉት እሳቸው ናቸው፣ እውነት ነው። ግን በዚያ ጉም፣ በዚያ ጉልበት ያስወጣቸው የጥፋተኛነት ስሜት ነው፤ የዚያን ግማሽ ያሸከምኳቸው እኔ ነኝ።

ግማሽ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አንድ ጥድ ሥር ተቀምጠው ጉልበታቸውን በነጠላቸው አስረዋል። በቅሎዋ አጠገባቸው ሣር ትነጫለች።

«አምቡላንሷ መጣች?» አሉኝ ገና ሳልደርስ።

«መጥታለች ጋሼ። ሴትዮዋን ወስደዋታል።»

«በሕይወቷ?»

«በሕይወቷ።»

እግዜርን አመሰገኑና ራሳቸውን ግንዱ ላይ ጣል አደረጉ። «በቅሎዋ ጭቃው ላይ ተንሸራታ ጣለችኝ» አሉ። «እሱስ ግድ የለም። ይቺ ልጅ ብትሞት ደሟ በኔ ላይ ነው። ምነው ያን ችካል መትቼው ባደርኩ።»

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። መሬቱ እርጥብ ነበር። «ጋሼ፣ የምነግርዎት አለኝ» አልኩ። «ቱቦው ሲወድቅ አልተሰነጠቀም። የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ስቸኩል ነው። ማሞቅ ነበረብኝ፣ አላሞቅሁም። ለሲስተር ዋሸሁ። እርስዎም ሲሰሙ ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው የጉልበታቸውን ማሰሪያ አጠበቁ። በቅሎዋን ነው የሚያዩት። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። «ጎንበስ ብለሽ በእጅሽ ስትሸፍኚው አይቼሻለሁ» አሉ።

«አይተው ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«የኔንስ ማን አየብኝ? ሁለት ቀን ሙሉ አፌን ይዤ ከርሜ የለ?» እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ነይ ደግፊኝ፤ ቀዝቅዞኛል።»

ደግፌ በቅሎዋ ላይ አወጣኋቸውና ቀስ እያልን ወረድን። ያን ሌሊት ማንም ስለ ሴትዮዋ የሚነግረን አልነበረም። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ከገበያ የተመለሱ ሦስት ጎረምሶች መጡልን። ዘበኛው ጉልበታቸው አብጦ መቆም ስላልቻሉ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቱቦውን በእቅፋቸው ያዙልኝ፤ እኔ እየበሳሁ ሪቬት መታሁ። ችካሎቹንም እንደ አዲስ፣ ጠለቅ አድርገን መታን። ከዚያ ጎረምሶቹ ሽቦዎቹን ሲስቡ ምሰሶው ቀና አለ። መጋጠሚያውን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። አልጎበጠም። ካለፈው ግን አጥሯል፤ ይህን ለማየት መለኪያ አያስፈልግም ነበር።

የራሴን ስልክ አውጥቼ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ቆምኩ። ምንም የለም። አንቴናውን ወደ ግራ እንዲያዞሩት ጮህኩ። ምንም። ወደ ቀኝ። አንዲት መስመር ብልጭ ብላ ጠፋች። «ትንሽ መልሱት! ትንሽ!» አልኩ። ሁለት መስመር መጣና ቆመ።

መሥራቱን ለመሞከር ላሊበላ ወዳለች እህቴ ደወልኩ፤ ከዚያ የነርሷን ስልክ ከዘበኛው ተቀብዬ፣ በውስጡ ካሉት ስሞች መሀል የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ። እሱም ከስብሰባው ወደ ላሊበላ ሆስፒታል ሄዶ ኖሮ፣ ስልኩን ለነርሷ አቀበላት።

«ከየት ነው የምትደውዪው?» አለችኝ፤ የደከመ ድምፅ።

«ከማዋለጃ ክፍልሽ።»

እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። «ኦፕራሲዮን ተደርጋለች» አለች። «ሁለት ሰው ደም ሰጣት። ወንድ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ይጮኻል። ሐኪሙ ‹ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ አናተርፋትም ነበር› አለኝ።»

ግማሽ ሰዓት። ደስታዬ ላይ ያቺ ቃል እንደ ድንጋይ ወደቀች። ስልኩን እንደያዝኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስንጥቁን፣ ውሸቱን፣ የሽማግሌውን ዝምታ። መስማቷን ለማወቅ «ሲስተር?» አልኩ።

«እየሰማሁሽ ነው» አለች። ድምፅዋ ተለውጧል። «ስትሰነጥቂው እውነቱን ብትነግሪኝ እኮ፣ አሁን ታቆሚዋለሽ ብዬ ሳልጠብቅ ያኔውኑ ሰው ወደ ተረተሩ እልክ ነበር። ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት አምቡላንሷ መጥታ እዚህ ትቆም ነበር። አልገባሽም?»

አልገባኝም ነበር። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥር ያደርኩት ስለ ቱቦው ነው። እሷ ግን ስለ ውሸቱ ነበር የምታወራው።

«ይቅርታ» አልኩ።

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

ወደ ውጭ ስወጣ ዘበኛው «ምን አለች?» አሉኝ። ወንድ መወለዱን ነገርኳቸው። እልልታ የሴቶች ቢሆንም ጎረምሶቹ እየሳቁ እልል አሉላቸው። ነርሷ ስለ ውሸቴ ያለችኝን ደግሞ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ናት እንደማለት።

ከዚያ ወዲህ ነርሷ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች። አንዴ የጣሪያው ቆርቆሮ እንዲጠገን፣ አንዴ ሴትዮዋ ልጇን ይዛ ለክትባት መምጣቷን ልትነግረኝ። ስለ ውሸቱ አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁም። ምሰሶው እስከ ዛሬ ቆሟል። ጉም ሲበዛ ሁለቱ መስመሮች ወደ አንድ እንደሚወርዱ፣ አንዳንዴም ጨርሰው እንደሚጠፉ ነግራኛለች። ረዘም ባለ ቱቦ ልቀይረው ትእዛዝ አስገብቻለሁ፤ ገና አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ በየምሽቱ ሥራዬን ዘግቼ ስገባ፣ እዚያ ጉም ወርዶ ይሆን እያልኩ ሰማዩን አያለሁ።